ኦሜፕራዞልን ጠዋት 12 ሰዓት ውጦ ቀን 9 ሰዓት ለሚበላ ሰው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከባሕር ዳር ጎንደር ሚኒባስ ይነዳል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ፍሬ ይወስዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወደ መናኸሪያ ሲወጣ ይውጣትና እህል የሚቀምሰው እንደ ቀኑ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው፣ በጾም ደግሞ 9 ሰዓት። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው መሰለኝ፣ ቃሩ አልለቀቀኝም። ላቆመው ብል በአራተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ ተነሳብኝ። ሰው ደግሞ ጨጓራን ያደርቃል፣ ካንሰር ያመጣል ይለኛል። ለመሆኑ እንዴት ነው የሚሠራው? ሱስ ነው እንዴ? ልተወው?» ይላል። በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ፣ ለወገቡ አልፎ አልፎ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደሚወስድም ጠቅሷል።

ወንድሜ፣ ዋናውን ላስቀድም። ሰውነትህ መድኃኒቱን የለመደው አይመስለኝም። የተበላሸው ሰዓቱ ነው። ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያወጣ ፓምፕ አለ፤ ይህ መድኃኒት የሚያግደው ሥራ ላይ ያለን ፓምፕ ብቻ ነው፣ የተኛውን አይነካም። ፓምፑን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ደግሞ ምግብ ነው። አንተ 12 ሰዓት ላይ ውጠህ 5 ሰዓት ላይ ስትበላ መድኃኒቱ ቀድሞ መጥቶ፣ የሚፈልገውን ሳያገኝ፣ ከደምህ ወጥቶ ሄዷል።

እዚህ ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ መድኃኒት ቢኖር ይሄው ነው። «የጨጓራ ስጠኝ» ብሎ ገብቶ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወሰድ ሳይጠይቅ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። የሚሸጠውም ሳይነግረው ይሸኘዋል። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ፣ ምክንያቱን ካወቅከው ሰዓቱን ራስህ ታስተካክለዋለህ።

የጨጓራህ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ህዋሳት አሉ። የእነዚህ ህዋሳት ሽፋን ላይ አንድ ፕሮቲን ተሰክቷል። ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን ሽፋኑን 10 ጊዜ እየበሳ ይመላለሳል። የፕሮቶን ፓምፕ የሚሉት እሱን ነው። ሥራው መለዋወጥ ነው፤ ፕሮቶን፣ ማለትም አሲድን አሲድ የሚያደርገውን የሃይድሮጅን ቅንጣት፣ ወደ ጨጓራ ይገፋል፣ በምትኩ ፖታሲየም ወደ ህዋሱ ይመልሳል፣ ለዚህም ኤቲፒ የሚባለውን የህዋስ ነዳጅ ያቃጥላል። ጉልበቱ ግን የሚገርም ነው። ፓምፑ ሲሠራ በውጭ በኩል ያለው የፕሮቶን ክምችት ከህዋሱ ውስጥ ካለው ወደ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይደርሳል። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚፈጥር ሌላ ቦታ የለም።

ህዋሱን «አሲድ አምርት» የሚሉት መልእክተኞች ሦስት ናቸው፤ ሂስታሚን፣ ጋስትሪን፣ እና ከነርቭ የሚመጣው አሴቲልኮሊን። የድሮዎቹ መድኃኒቶች፣ በ1976 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) እንግሊዝ ገበያ ላይ የዋለው ሲሜቲዲንና ከእሱ በኋላ የመጡት ራኒቲዲንና ፋሞቲዲን፣ የሚዘጉት የሂስታሚንን በር ብቻ ነው። ሁለቱ በሮች ክፍት ናቸው። ለዚያም ነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉልበታቸው የሚቀንሰው። አንተ የምትለው «መልመድ» በእነሱ ላይ እውነት ነው። በነገራችን ላይ ራኒቲዲን ኤንዲኤምኤ የሚባል ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል ቆሻሻ ስለተገኘበት ከ2019 ጀምሮ በብዙ አገር ከገበያ ወጥቷል፤ ቤትህ መሳቢያ ውስጥ አሮጌ ካለህ ጣለው።

ኦሜፕራዞል ግን መልእክተኞቹን አይነካም፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ፓምፕ ራሱን ነው የሚይዘው። የትኛውም መልእክተኛ ቢጮህ አሲድ የሚወጣው በዚያው በር ነውና ይህ ብልህ መንገድ ነው። የፓምፑ ማንነት በ1970ዎቹ በእነ ጆርጅ ሳክስ ሥራ ሲገለጥ የስዊድኑ አስትራ ኩባንያ ተመራማሪዎችም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ነበሩ። ኦሜፕራዞልን በ1979 ሠሩት፣ በ1988 ሎሴክ በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ።

አሁን የሚገርመው ክፍል ይመጣል። ብዙ ሰው ካፕሱሉ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ አሲዱን እዚያው የሚያጠፋ ይመስለዋል። አይደለም። ኦሜፕራዞል እርቃኑን አሲድ ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች ጨጓራ ውስጥ የማይሟሟ ሽፋን ተደርጎላቸዋል። ጨጓራን ሳይነኩ ያልፋሉ፣ ትንሹ አንጀት ላይ ይፈታሉ፣ ወደ ደም ይገባሉ፣ ከዚያ ደም ተሸክሞ አሲድ አምራቹን ህዋስ ከጀርባው በኩል ያደርሰዋል። እዚያ ሲደርስ ገና ምንም ማድረግ የማይችል የተኛ ኬሚካል ነው። የሚነቃው ፓምፑ አሲድ በሚተፋበት ጠባብ ቦይ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። አሲዱ ራሱ ቅርጹን ይለውጠዋል፣ የተለወጠው ኬሚካል ደግሞ ፓምፑ ላይ 813ኛ ቦታ ካለው ሲስቲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር በድኝ ለድኝ ትስስር ይጣበቃል። አንዴ ከተጣበቀ ያ ፓምፕ አለቀለት ማለት ነው። ህዋሱ አዲስ ፓምፕ እስኪሠራ ድረስ በዚያ በኩል አሲድ የለም።

«ታዲያ ሰውነቴ ውስጥ ሌላ ቦታ ያሉትን ፓምፖችስ አያግድም?» ብትል ጥያቄህ ተገቢ ነው። የጨጓራው ፓምፕ የቅርብ ዘመድ አለው፤ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚለዋውጠው ፓምፕ። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ያገኘው፣ በ1997 ኖቤል የተሸለመበት ነው። እሱ ልብን ጨምሮ በሁሉም ህዋስ ላይ አለ። አገራችን የሚበቅለው መረንዝ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት መርዝ የዋለው ተክል፣ ውስጡ ያለው ዋባይን የሚባል ኬሚካል ያንን ፓምፕ አግዶ ልብን ያቆማል። ኦሜፕራዞል ይህን የማያደርገው ለመንቃት ብርቱ አሲድ ስለሚፈልግ ነው፤ እንዲህ ያለ አሲድ ደግሞ ያ ቦይ ውስጥ ካልሆነ የትም የለም። መድኃኒቱን በሁለት ዓመትህ ያለ ችግር የተሸከምከው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራ የሚጀምረው ሥራው ቦታ ሲደርስ ብቻ ነው።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ባዶ ሆድ ስትሆን አብዛኞቹ ፓምፖች ህዋሱ ውስጥ በከረጢት ተጠቅልለው ተኝተዋል። ስትበላ ወደ ሽፋኑ ወጥተው ሥራ ይጀምራሉ። ኦሜፕራዞል ደግሞ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ በአንድ ሰዓት ገደማ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። የአንተን ቋንቋ ልጠቀምና፣ አንተ አሁን የምታደርገው ተሳፋሪ ሳይመጣ መናኸሪያ ገብቶ ባዶውን የሚወጣ መኪናን ይመስላል። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። «ጠዋት በባዶ ሆድ» የሚለው ማዘዣ ላይ የሚጻፈው ሰው ቁርሱን እንደተነሳ ይበላል ተብሎ ነው። የሾፌር ጠዋት እንደዚያ አይደለም።

ለአንተ እንዲህ ላድርገው። ወረታ ላይ ቁርስ የምትበላ ከሆነ ሐሙሲት ስትደርስ ዋጣት፣ መንገዱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይሰጥሃል። ቁርስ የማትበላበት ቀን ከሆነ ከምሳ በፊት አድርገው። ቃሩ የሚያስቸግርህ ማታ ስትተኛ ከሆነ ደግሞ ከራት በፊት ማዞር ይሻላል። በጾም ቀን 9 ሰዓት ላይ የምትበላ ከሆነ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚያ በፊት ውኃም አልነካም የምትል ከሆነ ደግሞ ልክ 9 ሰዓት ሲሆን በውኃ ዋጣትና ግማሽ ሰዓት ታገስ። ሽታው እያወደህ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት መድኃኒቱን መድኃኒት የምታደርገው። የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጾም ከንስሐ አባትህ ጋር የምትነጋገረው ነው፣ እኔ እዚያ አልገባም።

በመጀመሪያው ቀን ለውጥ ካላየህ አትበሳጭ። አንዲት ፍሬ ሁሉንም ፓምፕ አትይዝም፣ በዚያ ሰዓት የተነሱትን ብቻ ትይዛለች፤ በማግስቱ ሌሎቹን ትይዛለች። ሙሉ ጉልበቱ የሚታየው በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ነው። ስለዚህ «ዛሬ ስላመመኝ ዛሬ ልዋጥ» ብሎ አልፎ አልፎ መውሰድ ብዙም አይጠቅምም። ለዛሬው ቃጠሎ የሚሆነው ፀረ አሲድ ሽሮፕ ነው። ካፕሱሉን ከፍተህ ፍሬዎቹን አታኝክ፣ አትፍጭ፣ ሽፋናቸው ከተሰበረ ጨጓራው ይበላቸዋል።

ሌላ ነገር። መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጠው? የመኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ከሆነ ችግርህ ሁለት ሆነ። ኦሜፕራዞል ሙቀትም እርጥበትም አይወድም። በበልግ ቀትር ላይ ባሕር ዳር የቆመ ሚኒባስ ውስጡ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ለቀኑ የምትፈልጋትን ብቻ ከነማሸጊያዋ ኪስህ ያዝ፣ ሌላው ቤት ይቀመጥ። ከማሸጊያው አውጥቶ ወረቀት ላይ ጠቅልሎ መያዝም ጥሩ አይደለም።

ሰዓቱን አስተካክለህም ካልሠራልህ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ኦሜፕራዞልን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሲዋይፒ 2ሲ19 የሚባል ኢንዛይም ነው። የኢንዛይሙ ጂን በጣም ፈጣን የሆነ ዓይነት አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያውያን ጂን ቅጂዎች 18 በመቶ ገደማ ይህ ፈጣኑ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል፣ በስዊድናውያንም እንደዚያው፣ በቻይናውያን ግን 4 በመቶ ብቻ። ፈጣን የሆነ ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርለት ወይም በዚህ ኢንዛይም ላይ ብዙ ወደማይደገፈው ራቤፕራዞል ሊቀይርለት ይችላል። መጠኑን በራስህ አትጨምር ግን። ጃፓኖች ከ2015 ጀምሮ ቮኖፕራዛን የሚባል ሌላ ዓይነት አጋጅ ይጠቀማሉ። እሱ ፓምፑን የፖታሲየም መግቢያው ላይ ያግደዋል፣ በአሲድ መንቃት አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ከምግብ በፊትም ቢወሰድ በኋላም ችግር የለውም። ለእንደ አንተ ያለ ኑሮ የተሠራ ይመስላል። ላንተ ግን አሁን አያስፈልግህም፣ በእጅህ ያለውን በትክክል ሳትሞክር አዲስ ማሳደድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሱስ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም፤ ግን ያየኸው ነገር እውነት ነው፣ ያንተ ፈጠራ አይደለም። አሲድ ሲቀንስ ሰውነት «ጎደለ» ብሎ ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል። ጋስትሪን ለወራት ከፍ ብሎ ሲቆይ ህዋሳቱን ያጎለብታቸዋል። መድኃኒቱን ድንገት ስታቆም እነዚያ የጎለበቱ ህዋሳት በነፃነት አሲድ ይለቃሉ። በ2009 ዴንማርክ ውስጥ ምንም የጨጓራ ችግር የሌለባቸውን 120 ሰዎች ወስደው ገሚሱን ለ8 ሳምንት የኦሜፕራዞል የቅርብ ዘመድ የሆነውን ኢሶሜፕራዞል ሰጧቸው፣ ገሚሱን መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፍሬ። ካቆሙ በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት 44 በመቶ ቃርና የመሳሰለው ስሜት አደረባቸው፣ ባዶ ፍሬ ከወሰዱት ግን 15 በመቶ ብቻ። ጤነኛ ሰው ላይ ማለት ነው! ስለዚህ በአራተኛው ቀን የተነሳብህ የግድ በሽታው ተመልሶ አይደለም። ጥቂት ሳምንት ከታገስከው ይበርዳል። ሰው ግን እዚያ ላይ ይደነግጥና ወደ ፋርማሲ ይመለሳል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

ካንሰር ስለሚባለውም ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በ1980ዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው አይጦች ጨጓራ ላይ ካርሲኖይድ የሚባል ዕጢ ወጣ፣ በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራም ለጊዜው ቆመ። ኋላ ሲጣራ ዕጢው የመጣው ከመድኃኒቱ ሳይሆን አይጦቹ ላይ እጅግ ከፍ ካለው ጋስትሪን መሆኑ ታወቀ፣ ሙከራው ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በአስርት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ወስደውታል። በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት 17,598 ሰዎችን ሌላውን የኦሜፕራዞል ዘመድ ፓንቶፕራዞልንና ባዶ ፍሬ አካፍሎ ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር፤ በግልጽ ጨምሮ የተገኘው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነው። ይሄ ግን ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የጨጓራ አሲድ ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገባውን ጀርም የሚገድል ዘብ ነው፣ ዘቡን አዳክመኸዋል። ስለዚህ ያልፈላ የጣና ውኃ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ፣ ጥሬ ሥጋ ካንተ ይራቅ። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 እና ማግኒዥየም ሊቀንሱ ስለሚችሉ በየጊዜው ማስመርመር ደግ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ በሐኪም ምክንያት ተሰጥቶት ለሚወስደው ሰው ነው። ያለ ምክንያት ለሚወስደው ትንሹም ጉዳት ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔ አንተን መጠየቅ የምፈልገው። ለምንድን ነው የጀመርከው? ኤች ፓይሎሪ ተመርምረህ ታውቃለህ? አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል የተሸለሙት አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ይህ ባክቴሪያ መሆኑን ስላሳዩ ነው፤ ማርሻል ሰው አላምን ሲለው በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶት ታሟል። ባክቴሪያው ካለብህ ኦሜፕራዞል ብቻውን ለዘላለም ብትውጥ አይለቅህም። ችግሩ ግን ኦሜፕራዞል እየወሰድክ ከተመረመርክ ባክቴሪያው ተዳክሞ ይደበቅና «የለብህም» ሊልህ ይችላል። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ከማድረግህ በፊት ኦሜፕራዞልን 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ወስደህ ከነበረ ደግሞ 4 ሳምንት ማቆም አለብህ። በደም የሚደረገው ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ድሮ የነበረብህን ከአሁኑ አይለይም፣ ገንዘብህን አታውጣበት። ተገኝቶብህ ሦስት ወይም አራት መድኃኒት ለ14 ቀን ከታዘዘልህ አታቋርጠው፣ እዚያ ውስጥም ኦሜፕራዞል አለበት፣ ሰዓቱ ላይ ያልኩህ እዚያም ይሠራል።

ስለዚህ አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ለአንድ ወር በትክክለኛው ሰዓት ውሰደው። ቃሩ ከለቀቀህ አንድ ቀን እየዘለልክ ለሁለት ሳምንት ውሰድና አቁም። ድንገት ማቆምም ይቻላል፣ እኔ ግን መንገድ ላይ የሚውል ሰው ስለሆንክ ቀስ ማለቱን እመርጥልሃለሁ። ቃጠሎው ሲነሳ ፀረ አሲድ ሽሮፕ ያዝ። ተልባ ወይም አብሽ ደስ ካሰኘህ ጠጣ፣ ያለሰልስ ይሆናል፣ ፓምፑን ግን አይነካም። ቡናን አልከለክልህም፣ የዘጌን ቡና ተው ብልህም አትሰማኝም፤ በባዶ ሆድ ሦስቱንም ከመጠጣት ግን ተቆጠብ፣ በልተህም ወዲያው አትተኛ። ካቆምክ ሁለት ሳምንት ሲሞላህ የሰገራ ምርመራውን አድርግ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰህ፣ ስትውጥ ከተሰነቀረብህ ወይም ሳታስበው ከከሳህ ግን ይህን ሁሉ ተወውና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ።

አንድ ነገር ቀረ፣ እሱም ዳይክሎፌናኩ ነው። ለጨጓራ ቁስለት ከባክቴሪያው ቀጥሎ ያለው ትልቁ ምክንያት እሱና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ዘመዶቹ ናቸው። በመርፌም ቢሆን፣ በፍሬም ቢሆን ያው ነው፣ ጨጓራን የሚጎዳው በደም በኩልም ስለሆነ። እሱን እየወሰድክ ኦሜፕራዞልን ልተው ብትል እኔ አልስማማም፤ ያን ጊዜ ካፕሱሉ ጨጓራህን ከጉዳት እየጠበቀልህ ነው። መጀመሪያ ወገብህን አሳይ፣ በፓራሲታሞል ወይም በሚቀባ ቅባት መቻል አለመቻሉን ሐኪሙ ይይ። የልብ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ከጀመርክ፣ በተለይ ክሎፒዶግሬል፣ ኦሜፕራዞል ጉልበቱን ስለሚቀንስበት አስቀድመህ ንገረው፣ በፓንቶፕራዞል ይቀየርልሃል። ለኤችአይቪ አታዛናቪር የሚወስድ ሰውም ይህን ሲያነብ ኦሜፕራዞልን በራሱ ፈቃድ አይጀምር፣ አታዛናቪር አሲድ ካላገኘ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም።